ስንዝር የሚያክለው የያሲን ምንጣፍ

በምንጣፍ ውፍረት የተነሳ አንድ ቤተሰብ ሲታመስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ የሻይ ትሪ ተሸክሜ መሐሉ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ሌላው ሰው ሕይወቴን የቀየረው ሕልም ነው፣ ሕመም ነው፣ ጉዞ ነው ይላል። የእኔን የቀየረው ስፖንጅ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ይንኳኩ ነበር።

ስሜ ዘይነባ ነው፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ካርቱም እንዲህ ሳትሆን በፊት አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። አል-ጣኢፍን ለማታውቁት፣ ግንቡ ረጅም፣ በሩ ብረት፣ ወለሉ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የሆነበት የሀብታም ሰፈር ነው። ያን ሴራሚክ ስወለውል ስለምውል ፊቴን ከመስታወት ይልቅ እሱ ላይ ነበር የማየው። ባሌ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ሥራውን አግኝቶት እንደሆነ እንጃለት፤ እኛ ግን እሱን አጣነው። እኛ ያልኩት እኔንና ልጄን ሐናንን ነው።

ሐናን የተወለደችው እመቤቴ ሪሐብ የመጀመሪያ ልጇን ያሲንን በወለደችበት ሰሞን ነው። ሪሐብ ልቧ ገር ነው፤ «ግቢው ውስጥ ያለው ክፍል ለሁለታችሁም ይበቃል፤ ልጅሽን ይዘሽ ኑሪ» አለችኝ። አላህ ይስጣት። ቤቱን የሚመሩት ግን የባሏ እናት ሐጃ ሱዓድ ናቸው። ባሏ ሙዕተዝ ሳዑዲ ስለሚሠራ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ሐጃ ደግሞ ሁለት ሕፃን በአንድ ግቢ የሚለው ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል።

«ሙዕተዝ ሲመጣ እንነጋገራለን፣ ያ ዘይነብ» ይሉኛል ስሜን በዐረቦች አጠራር እየጠሩ፣ ሻይ ባቀረብኩ ቁጥር። «ሶባ የሠራተኞች ልጆች የምትይዝ ሴት አለች አሉ። ልጅሽን እዚያ ታደርጊያታለሽ። ጁምዓ ጁምዓ ሄደሽ ታያታለሽ። ምን ችግር አለው?»

ምን ችግር አለው! ሶባ እኮ የከተማው ጠርዝ ነው። በሐፍላ፣ ሚኒባሱን እንዲያ ነው የምንለው፣ ተጣብቀሽ ሄደሽ ተጣብቀሽ ትመለሻለሽ፤ ቀኑ እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል። ያቺንም ሴትዮ አውቃታለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የአንዷ ጓደኛዬ ልጅ እሷ ዘንድ አድጎ፣ እናቱ ልታየው ስትመጣ ሴትዮዋ ቀሚስ ሥር ሲደበቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የያዘችለትን ብስኩት ተቀበለና «ሹክረን፣ ኻልቶ» አላት። አመሰግናለሁ አክስቴ ማለት ነው። እናቱን! ከዚያ ቀን ወዲህ ሶባ ሲባል ልጄን ብድግ አድርጌ አቅፋለሁ።

እንግዲህ ምንጣፉ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ያሲን ተደላድሎ መቀመጥ ሲጀምር ሪሐብ ስልኳ ላይ ስታነብ አመሸችና በማግስቱ ሱቅ ሄዳ የሕፃን መጫወቻ ምንጣፍ ገዝታ መጣች። የዝሆንና የቀጭኔ ሥዕል ያለበት፣ ውፍረቱ ከትንሿ ጣቴ የማይበልጥ። ሳሎን ነጠፍነው። ሐጃ ከወንበራቸው ተነሡ፣ አጎንብሰው በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩት። ቋ ቋ አለ።

«ይሄ ምንጣፍ ነው ወይስ ጋዜጣ?» አሉ። «ሥሩ እኮ ሴራሚክ ነው! የልጄ ጭንቅላት ሐብሐብ መሰለሽ እንዴ?»

«ሐጃ፣ ያነበብኩት እንዲህ ነው የሚለው...» አለች ሪሐብ።

«ያነበብሽው ልጅ ወልዷል? እኔ ወልጃለሁ። ዘይነብ! እንቁላል አምጪ!»

እንቁላል አመጣሁ፤ ለቁርስ መስሎኝ። ሐጃ እንቁላሉን እወገባቸው ድረስ ከፍ አድርገው ምንጣፉ ላይ ለቀቁት። ጧ! ዝሆኑ ላይ ፈሰሰ። «አያችሁ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። የወለወለው ማን ነው? እኔ ነኛ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት ምንጣፍ የሚመረጠው በእንቁላል ሆነ። በማግስቱ ሪሐብ አውራ ጣት የሚያክል ይዛ መጣች፤ እንቁላሉ ተሰነጠቀ፤ ምንጣፉ ለሱቁ ተመለሰ። ሰፈርተኛው ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። አንዷ ጎረቤት በሁለት ይደረብ አለች፣ ሌላዋ ፍራሽ ይነጠፍ አለች፣ የሐጃ የአክስት ልጅ ደግሞ ጭራሽ ልጁ እስኪያድግ ሴራሚኩ ለምን አይፈነቀልም አሉ። እኔ ሴራሚክ ከመወልወል ልገላገል ነው ብዬ ይህን ሐሳብ በሆዴ ደግፌው ነበር።

መጨረሻ ላይ የሐጃ ወንድም ሐጅ በሺር ተጠሩ። ሐጅ በሺር ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል የፍራሽ መሥሪያ ቤት አላቸው። ስፖንጅ ይቆርጣሉ፣ ልባስ ያለብሳሉ፣ ሥራ ያውቃሉ። እህታቸው በስልክ «ለልጃችን ወፍራም ምንጣፍ ሥራ» አሏቸው። «ምን ያህል ይወፍር?» ሲሉ «የምትወደንን ያህል!» አሏቸው። እንግዲህ ፍረዱ፣ ማን ነው በዚህ ላይ ስስ የሚያመጣ? ሐጅ በሺር ስንዝር የሚያክል ስፖንጅ ሰማያዊ ልባስ አልብሰው በቦክሲ፣ ኋላው ክፍት በሆነ የጭነት መኪና፣ ጭነው ከች አሉ። ሳሎኑን ግማሽ ያዘው። ዱሮ የነበረው ሥጋጃ ተጠቅልሎ ተነሣለት። ሐጃ እንቁላሉን ለቀቁት፤ ነጠር አለና ተንከባሎ ደህና ቆመ። ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ! ሐጅ በሺር እንቁላሉን አንሥተው ለሁሉም እያዞሩ አሳዩ።

የመጀመሪያው ስሱ ምንጣፍስ? ሐጃ በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይሄን ለሐናን ውሰጂው» አሉኝ። «የእናንተ ልጆች ጠንካሮች ናቸው።»

ተቀብዬ ሄድኩ፤ ግን አንጀቴ አረረ። የልጅ ጭንቅላት ልዩነት አለው እንዴ? ክፍሌ ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ ነው። እዚያ ላይ ነጠፍኩላት። ሳሎን ሳጸዳ ማንም ሳያየኝ ያን ወፍራም ምንጣፍ በመዳፌ ጫን እያደረግሁ «ምነው ለኔዋም እንዲህ ያለ በኖራት» እል ነበር። አዎ፣ ቀናሁ። እናት አይደለሁ?

አሁን ጉዱን ስሙ። ያሲንን ወፍራሙ ላይ ያስቀምጡታል፤ ይሰምጣል። በሆዱ ያስተኙታል፤ እጁ ይሰምጣል፣ ክርኑ ይሰምጣል፣ አገጩ ይሰምጣል። ትንሽ ይታገልና ተስፋ ቆርጦ ጣቱን ይጠባል። ወደ ጫፉ ቢንከባለል ደግሞ ሐጃ «ሴራሚኩ! ሴራሚኩ!» እያሉ በእግሩ ጎትተው መሐል ይመልሱታል። ሐናን በበኩሏ ሲሚንቶው ላይ፣ በዚያች በጋዜጣዋ፣ ዳኸች። ቀጥሎ የልብስ ሻንጣዬን ይዛ ቆመች። አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥፍ ቀና ስል ሻንጣውን ለቅቃ፣ እጇን ዘርግታ፣ እየተንገዳገደች ወደ እኔ ትመጣለች። መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀችና በሳቅ ፈነዳች። እኔም ስሜ ስሜ ልጨርሳት ደረስኩ። ከዚያ ድንገት ሐጃ ትዝ አሉኝ፤ ደስታዬ ሁሉ ውሃ ሆነ።

ገባችሁ? የጌቶች ልጅ አልዳኸም፤ የሠራተኛዋ ልጅ ተራመደች። ሐጃ ይህን ቢያዩ «ዐይን ነው! የልጄን እግር የበላችው እሷ ናት!» ማለታቸው አይቀርም። ሙዕተዝ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? የዚያኑ ዕለት ሶባ። እኔም ልጄ ስለተራመደች ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠረግሁና አዘልኳት።

ሰው ወርቅ ይደብቃል። ሰው ወንጀል ይደብቃል። እኔ የልጅ እግር ደበቅሁ። ስወለውል አዝላት፣ ስከትፍ አዝላት፣ ልብስ ሳሰጣ አዝላት። እሷ ደግሞ መሄድ ቀምሳለች፤ ልውረድ ብላ ጀርባዬን በእግሯ ትደበድበዋለች። አጥር ተሻግሮ ያለው ቤት የምትሠራ ፀሐይ የምትባል የጎንደር ልጅ ነበረች፤ ልብስ ስታሰጣ በግንቡ ላይ አንገቷን ታሰግግና ትነዘንዘኛለች።

«አንቺ ዘይነባ፣ በማርያም! የዚች ልጅ እግር ጀርባሽ ላይ ሥር ሊሰድ ነው እኮ፣ አውርጃት!»

«ዝም በይ ፀሐይ፣ ይሰሙሻል!»

«ማ? ሐጃ? አማርኛ ሲያውቁ ነው!» ትልና ትስቃለች። «እኔ ብሆን ሳሎን አስገብቼ ዘፈን ከፍቼ ነበር የማስኬዳት።»

«አንቺማ ልጅ የለሽ፤ ሶባም የሚልክብሽ የለ» አልኳት። ክፉ ቃል ነበር፤ እሷ ግን ስቃ አለፈችው።

ሐጃ በበኩላቸው መጽናኛ አገኙ። «ያንቺዋም አልዳኸችም አይደል?» ይሉኛል።

«ገና ናት፣ ሐጃ።»

«አየሽ ሪሐብ! የዘንድሮ ሙቀት ነው። ሕፃናቱን ሁሉ አድክሟቸዋል።» ከዚያ ስልክ አንሥተው ለዘመድ አዝማድ ያብራራሉ፤ የሐበሻዋ ልጅም አልዳኸችም፣ ጠንካሮቹም አልቻሉትም፣ ሙቀት ነው። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ለዚያ ቤት ክብር ምስክር ሆነች።

ያ ባልከፋ። አንድ ቀን ግን ሐጃ ከልጃቸው ከሙዕተዝ ጋር ሲያወሩ ጆሮዬ ሰማ። «ያሲን? ያሲንማ ወላሂ እንደ መኪና ነው! ከሳሎን እስከ በረንዳ እየዳኸ መያዣ አጥተንለታል!» ሪሐብ ዓይኗን አፈጠጠች። ሐጃ እጃቸውን አወናጨፉባት። ስልኩ ውስጥ ሙዕተዝ በደስታ ሲጮህ ይሰማል፤ እናቱን ዩማ ነው የሚላቸው። «ለጁምዓ እደርሳለሁ ዩማ፣ ትኬት ቆርጫለሁ፤ በዓይኔ ላየው ነው!»

ስልኩ ተዘጋ። ሐጃ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። በአንድ ቤት ሁለት ውሸት ተቀመጠ ማለት ነው። እሳቸው የማይድኸውን ይሮጣል ይላሉ፤ እኔ የምትሮጠውን አትድኽም እላለሁ። የሁለታችንም ፍርድ ጁምዓ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ያ ምስኪን ልጅ መከራውን አየ። የወይራ ዘይት ጉልበቱን አሹት። ቁርኣን የተቀራበት ውሃ አጠጡት። ሐጃ ራሳቸው፣ እኒያ ሴትዮ፣ ምንጣፉ ላይ በአራት እግራቸው ሆነው «እንዲህ፣ ያ ያሲን፣ እንዲህ!» እያሉ ሊያሳዩት ሞከሩ፤ እሳቸውም ሰምጠው ጎትቼ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። ልብ ብትሉልኝ፣ ያን ጊዜ እንኳ ከመሐላችን አንድ ሰው ነገሩ ምንጣፉ ይሆን ብሎ አልጠረጠረም። እኔም ጭምር። ይነሡ ስላቸው «ይሄ ጉልበቴ!» አሉ፤ እኔም «አይዞዎት ሐጃ፣ ዕድሜ ነው» አልኳቸው።

ጁምዓ ደረሰ። ሙዕተዝ ከሰላት በኋላ ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። ሐጅ በሺርም ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከባሕሪ መጡ፤ ሥራቸው ሲመረቅ ሊያዩ ነው። ምሳ ተበላ። ከዚያ ሻይ ተባለ። አንድ ትሪ ሙሉ የፈላ ሻይና ልጅ በጀርባ አይሆንም፤ ሐናንን ክፍሌ ስሱ ምንጣፍ ላይ አስተኛኋትና በሩን ገርበብ ሳይሆን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። እጀታውን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርጌ አረጋገጥኩ።

ሻዩን ስቀዳ ከህረባ ሄደ። መብራት ማለቴ ነው። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፤ ቤቱ እንደ ምድጃ ሆነ። ሪሐብ የእጅ ማራገቢያ ፍለጋ ወጣች። እኔ ኩሽና ነኝ፣ አላየኋትም። ለካ ማራገቢያው ያለው እኔ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ከፍታ ገባች፣ አነሣች፣ ሐናን በላብ ተዘፍቃ ተኝታ አየቻት። «ምስኪን፣ ትታፈናለች» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታላት ተመለሰች። ደግነት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደነገጠኝ ደግነት የለም።

ትሪውን ይዤ ሳሎን በር ላይ ስደርስ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ሙዕተዝ ከምንጣፉ ወዲያ ማዶ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቷል። ያሲን መሐል ላይ ሰምጧል። ሐጅ በሺር እያጨበጨቡ «ያላ! ያላ ያሲን!» ይላሉ። ሐጃ የመኪና ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ይጠሩታል። ያሲን ቁልፉን አየ፣ አባቱን አየ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ።

«አሁን ነው የሚሄደው» አሉ ሐጃ። «ሰው በዝቶበት ነው።»

«ችግር የለም ዩማ» አለ ሙዕተዝ፤ ፊቱ ግን እየተለወጠ ነበር። ወደ ሪሐብ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታሟል እንዴ? ንገሩኝ። ሐኪም አይቶታል?»

ሪሐብ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሐጃም ቁልፉን ማንቀጫቀጭ አቆሙ። እኒያ ቆፍጣናዋ ሴትዮ ሲፈሩ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አሳዘኑኝ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከኋላዬ፣ ከኮሪደሩ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ባዶ እግር ሴራሚክ ላይ።

ሳልዞር አወቅሁት። ያ አላህ! ዞሬ ላስቆማት፣ ትሪው እጄ ላይ ነው፤ አሥር ብርጭቆ ፍል ሻይ ከሕፃን ራስ በላይ። ላስቀምጠው፣ ጠረጴዛው ሩቅ ነው። ልጥራት፣ ሁሉም ይዞራል። እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ሐናን በጎኔ አለፈች። እንቅልፍ ያልለቀቃት፣ ፀጉሯ የቆመ፣ ቀሚሷ የተሰቀለ፣ እጇን ዘርግታ ወለሉን ጠብ ጠብ እያደረገች ሳሎኑ መሐል ገባች። እኔን እንኳ አላየችኝም። ያየችው ሰማያዊውን ነገር ነው።

«ይቺ... ትሄዳለች» አሉ ሐጃ።

እኔ በልቤ የሐናንን ልብስ ቋጥሬ፣ ሐፍላ ተሳፍሬ፣ ሶባ ደርሼ፣ አስረክቤያት ተመልሻለሁ።

ሐናን ምንጣፉ ጋ ደረሰች። አንድ እግሯን አነሣች፣ ረገጠች፤ ሰመጠ። ሁለተኛውን አነሣች፤ ድፍት! በፊቷ ሄደች። ተነሣች፣ ቆመች፣ ተንገዳገደች፣ ድፍት። ያቺ ሲሚንቶ ላይ እንደ ወታደር የምትረማመድ ልጅ መቆም አቃታት። በአራት ልትሄድ ሞከረች፤ እጇ ሰመጠ፣ አገጯ ሰመጠ፤ ልክ እንደ ያሲን! በመጨረሻ ተናደደች። ምንጣፉን በጡጫዋ መታችውና ቤቱን በጩኸት አደበላለቀችው።

ያሲን ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ሐናን እየተጎተተች ጫፉ ደረሰችና ተንከባላ ሴራሚኩ ላይ ወረደች። ተነሣች፣ ቀሚሷን እንኳ ሳታራግፍ ጠብ ጠብ ብላ ሄደች። ያሲን አያት። እሱም ተከትሏት ተንከባለለ።

«ሴራሚኩ!» ብለው ሐጃ ብድግ አሉ።

ሙዕተዝ እጃቸውን ያዘ። «ዩማ፣ ተይው። ተይው እስኪ።»

ያሲን ወለሉ ላይ ወረደ። መዳፉን ዘረጋ፤ አልሰመጠም። ግራ ገብቶት እጁን አየው። ጫን አለ፤ ሆዱ ተነሣ። ጉልበቱን ሰበሰበ። ከዚያ ሄደ! ግን የሄደው ወደ ኋላ ነው። አባቱ ከፊት እጁን ዘርግቶ እየጠራው እሱ ቂጡን አስቀድሞ ወደ ኩሽና ሽር አለ። ሐጃ እልልታቸውን አቀለጡት፣ ሪሐብ ለቅሶና ሳቅ ተደባለቀባት፣ ሐጅ በሺር «ማሻአላህ! ይሄ መንገድ ያውቃል!» እያሉ ጥምጥማቸው ተፈታ። ልጁም በእልልታው ደነገጠና እጁ ሟለጠ፤ ግንባሩ ሴራሚኩን ጓ አደረገው። እዬዬ! ሐጃ አንሥተው አቀፉት። «ብያችሁ ነበር! ብያችሁ ነበር!»

«የመጀመሪያው ምንጣፍ የታለ?» አላት ሙዕተዝ ሪሐብን። «ስልክ ላይ ያሳየሽኝ፣ ቀጭኔ ያለበት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ትሪውን አስቀመጥኩ። ክፍሌ ሄጄ ምንጣፉን ጠቅልዬ አመጣሁ። ዝሆኑ በሐናን ጉልበት ተፍቆ ጠፍቷል። ሐጃ የተፋቀውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ሞኝ አይደሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሄደው?»

«ቆይታለች፣ ሐጃ።»

«እና ለምን ደበቅሽኝ? ገና ናት፣ ገና ናት ስትዪኝ!»

ልዋሽ አሰብኩ። ግን ደከመኝ፤ ጀርባዬም ደክሞታል። «ሶባ እንዳይልኩብኝ ነዋ» አልኩ። «ልጄ ነገ ኻልቶ እንድትለኝ አልፈልግም። ከያሲን ቀድማ ሄደች ብለው ቢቆጡ ብዬ አዝዬ ደበቅኋት። ወላሂ፣ ሌላ ክፋት የለብኝም።» ሙዕተዝ ወደ እናቱ ዞረ።

«ዩማ፣ ሶባ ምንድን ነው?»

ሐጃ ያሲንን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። ወደ ጣሪያ አዩ። ወደ ወንድማቸው አዩ። «ሶባ? ማን ነው ሶባ ያለ?» አሉ። «እኔ መቼ ሶባ አልኩ? ይቺ ሄዳ ይህን ልጅ ማን ያስተምረዋል? ወደ ኋላ ሲሄድ አላያችሁም? ገና ወደ ፊት ታስተምረዋለች! ኡስታዛው ናት! አንቺም ዝም ብለሽ አትቁሚ፣ ያን ሥጋጃ አምጪና ጋዜጣውን ከላዩ ንጠፊበት!»

አመጣሁ። ሥጋጃው ተዘረጋ፣ ስሱ ከላይ ተነጠፈ። ልጆቹን አስቀመጥናቸው። ያሲን ጫን አለ፤ አልሰመጠም፣ አላንሸራተተውም። ሐጅ በሺር በጉልበታቸው ተንበርክከው ሞከሩትና እንደ ባለሙያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ መጀመሪያም ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ስንዝር ለአዋቂ ወገብ ነው እንጂ ለሕፃን አይሆንም። የምትወደንን ያህል ብላችሁ አሳሳታችሁኝ።» ወፍራሙም በዚያው ወደ እኔ ክፍል ተሸኘ፣ ለወገቤ። በስደት ዘመኔ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

እንግዲህ እናንተ፣ ምንጣፍ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ እንቁላሉን ለቁርስ አድርጉት። ሕፃን እንቁላል አይደለም፤ እንቁላል ተነሥቶ መሄድ የለበትም። ጫማችሁን አውልቁና ራሳችሁ ተንበርከኩበት። ጉልበታችሁ ወለሉን ካገኘው ሳስቷል፤ ስትቆሙ እግራችሁ ከሰመጠ ወፍሯል። ወለላችሁንም እዩ፤ ለሲሚንቶ ክፍሌ የበቃው ለዚያ ሴራሚክ ብቻውን አልበቃም። ይኸው ነው ሙያው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እኔን ግን ያ ቀን የቀየረኝ በምንጣፍ አይደለም። ከዚያ በኋላ የልጄን ነገር፣ ጥርስ ስታወጣም፣ ስትናገርም፣ አንድም ቀን ከማንም አልደበቅሁም። የሚከፋው ይክፋው አልኩ። ደግሞስ ያን ያህል የፈራኋቸው ሐጃ እኮ ከእኔ ብሰው ሲፈሩ ነው ያየኋቸው።

ቆይቶ፣ ልጆቹ ግቢውን ሙሉ ሲሯሯጡበት፣ አንድ ጠዋት ካርቱም በተኩስ ተናወጠች። መንገዱ ተዘጋ፣ ሐፍላ ጠፋ። ልጆቻቸው ሶባ ያሉ ጓደኞቼ ስልክ እየደወሉ «በየት ይታለፋል? መንገድ አለ ወይ?» ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስ? እያለቀሱ ይዘጉታል። እኔ ዓይኔን ስገልጥ ሐናን እጄ የሚደርስበት ነበረች። አልሐምዱሊላህ ስል አፈርኩ፤ እነሱም እናቶች ናቸው። የሐጅ በሺርን ወፍራም ምንጣፍ መስታወቱ እንዳይረግፍብን መስኮቱ ላይ አቆምነው። እዚያ ላይ ልክ ነበር፤ ያን አልክድም።

ስንወጣ እሱ እዚያው ቀረ፤ ስሱን ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩ። በር ላይ የቆመው መኪና ሞተሩ ተነሥቷል፣ ሾፌሩ ይጮሃል፣ ሪሐብ ያሲንን አቅፋ ገብታለች። ሐጃ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው ዞሩ።

«ዘይነብ! ኡስታዛዋ የታለች? ኡስታዛዋ ሳትገባ ይህ መኪና አይንቀሳቀስም!»

«ይቺውና ሐጃ!» አልኩ። ጀርባዬ ላይ ነበረች። ያን ቀን ግን ልደብቃት አልነበረም ያዘልኳት።